በራቤል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የናስ ሰሌዳ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ስለሆነ ተሳፋሪው እያንቀላፋ ይደርሳል። ጣርማ በር ላይ ግን ሁሉም ይነቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሸንቁሮ ከሠራው ዋሻ ሳይገቡ ወደ ግራ ሲታጠፉ የመንዝ መንገድ ይጀምራል። ደብረ ሲናና ቆላው በስተቀኝ ከገደሉ ሥር ይቀራሉ። ከፊት ያለው ጭጋግ፣ የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳና ባና የደረበ እረኛ ነው። የጓሳን ሜዳ አቋርጦ መሐል ሜዳ የደረሰ ሰው መንዝን ያየ ይመስለዋል። ከዚያም ወደ ሰሜን ገና ግሼ አለች። ራቤል የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ እርሷን አልፎ የሚሄድ ሰው ደቡብ ወሎ ይገባል።

ራቤል የሄድኩት ባና ፍለጋ ነው። ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ። ከፋብሪካ የወጣ ቀላል ብርድ ልብስ ብገዛላቸው ዕድሜው አጭር ሆነብኝ። የመንዝ ባና ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ፀጉሯ ሻካራ ቢሆንም ብርድ አያስገባም። ፀጉሩ ተሸልቶ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። አንድ ባና እስኪያልቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚያውቁት የፈተሉት እናቶች ናቸው። የገበያው ዋጋ ያንን ሁሉ ቀን ሲቆጥር አላየሁም።

ባናውን ያገኘሁት ከከተማው ዳር፣ ግድግዳው በድንጋይ ከተሠራ ቤት ነው። ባለቤቶቹ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ሲሆኑ አንዲት 13 ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጅ አብራቸው ትኖራለች። እንደ አገሩ ወግ መጀመሪያ እህል ቀረበልኝ፤ ስለ ባናው ያነሳነው ከዚያ በኋላ ነው። በቆሎ ጠላ እየጠጣሁ ግድግዳውን አየሁ።

የገጠር ቤት ግድግዳ የቤተሰቡ መዝገብ ነው። ከሁሉ በላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች። ከእርሷ ሥር የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ አለ። ከዚያ በታች ጥቁር ካባ ለብሶ የተመረቀ ወንድ ልጅና የሠርግ ፎቶ ተሰቅለዋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ እናንተም ቤት አለ፤ እኔም ቤት አለ። እንግዳ የሆነብኝ ከምርቃቱ ፎቶ አጠገብ የተሰቀለው ነገር ነው። ጥቁር ቡኒ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ላይ የናስ ዝርግ ተለብጦበታል። በናሱ ላይ የአንድ ሰው ስም፣ የፈጠራው ርዕስ፣ ቁጥርና ቀን ተቀርጿል። ከሥሩ በመስታወት ውስጥ ማህተም ያለው የምስክር ወረቀት አለ።

ምን እንደሆነ ስጠይቅ እናቲቱ ቀድመው መለሱ፤ “የልጃችን ነው። ፈጠራ ሠራ ብለው የሰጡት ነው።” ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ፈጣሪስ አንድ ነው። እኔ ‘የብልሃት ወረቀት’ ነው የምለው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአማርኛችን “ፈጠራ” የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። የእግዚአብሔርን ሥራ እንጠራበታለን፤ የሐሰት ወሬንም “ፈጠራ ነው” እንላለን። በመካከሉ የሰው ልጅ ብልሃት ቦታ አጥቶ ይቆማል።

ልጁ አዲስ አበባ ተምሮ እዚያው የቀረ ቴክኒሻን ነው። የሠራው በእግር የሚሽከረከር የፀጉር መፍተያ ነው። ከአሮጌ ብስክሌት ቸርኬና ሰንሰለት ተነስቶ ለመንዝ በግ አጭርና ሻካራ ፀጉር እንዲስማማ አድርጎ አስተካክሎታል። ያደገው እንዝርት ከእጇ በማይለይ እናት ቤት ስለሆነ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም። ሰሌዳውን በገንዘቡ አሠርቶ በበዓል ሲመጣ ለወላጆቹ ሰጣቸው።

አባትየው እስኪጨርሱ ዝም ብለው ቆዩና፣ “እርስዎ አንብበው ይንገሩኝ እስቲ፤ ይህ ወረቀት ምን ይሠራል?” ሲሉ ጠየቁኝ። ልጃቸውን ለመጠየቅ አፍረው እንደቆዩ ገባኝ። ለአባት የልጅን ክብር መጠየቅ ከባድ ነው።

የማውቀውን ነገርኳቸው። በአገራችን ሕግ የፈጠራ ሥራ የሚጠበቀው በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ነው። ሥራውን የሚያከናውነው መሥሪያ ቤት ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተብሎ ተቋቋመ፤ ዛሬ ባለሥልጣን ሆኗል። ለዓለም ሁሉ አዲስ የሆነና ለሙያው ሰው ግልጽ ያልነበረ ሥራ ፓተንት ያገኛል። ፓተንቱ 15 ዓመት ይቆያል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ከዚያ አነስ ያለ፣ በአገር ውስጥ አዲስ የሆነ ጠቃሚ ማሻሻያ ደግሞ “አነስተኛ ፈጠራ” ተብሎ የራሱ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የራቤሉ መፍተያ ከዚህኛው ነው። በእግር የሚሽከረከር መፍተያ በዓለም ላይ ከጥንት የኖረ ነገር ነው። የልጁ ድርሻ ለመንዝ ፀጉር ማስማማቱ ነው።

የወረቀቱ ትርጉም፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሌላ ሰው ይህንን መሣሪያ ሠርቶ መሸጥ አይችልም ማለት ነው። የሚያገለግለው ግን በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ባለቤቱም በምላሹ አሠራሩን ዘርዝሮ ለመንግሥት ያስረክባል። ጊዜው ሲያልቅ ማንም ሰው አንብቦ ሊሠራው ይችላል።

አባትየው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። “ጓሳ ነዋ!” አሉ።

በልቤ ያደነቅሁት ይህንን ነው። ጓሳን ለማታውቁ ላስረዳ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። በአካባቢው ታሪክ መሠረት መሬቱን መጀመሪያ ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ናቸው፤ የመጠቀም መብት የሚቆጠረውም ከእነዚህ አቅኚ አባቶች በመውረድ ነበር። ሕዝቡ አለቃ መርጦ ሜዳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋዋል። በዚያ ጊዜ ከብት ማስገባትም ሣር ማጨድም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ያን ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለእረኛ ገሳ የሚሆነው ሁሉ ይታጨዳል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሰዉ አልረሳውም፤ ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ነው።

ስለዚህ ፓተንት ለመንዝ ሽማግሌ እንግዳ ነገር አይደለም። አቅኚ አለው፣ ድንበር አለው፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን አለው፣ ጠባቂም ያስፈልገዋል። አባትየው ግን በዚህ አላበቁም። “እንግዲያውስ ሜዳውን ዘግቶ ሣሩን ያላጨደ ምን ተጠቀመ?” አሉና ወደ ጓዳው ተመለከቱ። መፍተያው እዚያ ጥግ ላይ ጆንያ ለብሶ ቆሟል።

ሰንሰለቱ እየወለቀ ሲያስቸግር እናቲቱ ወደ እንዝርታቸው ተመልሰዋል። ልጁ ሥራ ይዞታል፤ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ሁለተኛ መሣሪያ አልተሠራም፤ የሚሠራም አልተገኘም። ከናሱ ላይ ቀኑን አነበብኩ። አነስተኛ ፈጠራ የሚጠበቀው ለ5 ዓመት ነው፤ ለሌላ 5 ዓመት የሚታደሰውም በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ሲታይ ነው። አምስቱ ዓመት ሊሞላ የቀረው 4 ወር ነበር። እናቲቱ በየቅዳሜው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን የሚወለውሉት ሰሌዳ ጊዜው እያለቀ እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ናስ ቀን ሲያልፍበት አይደበዝዝም፤ እንዳማረበት ይቀጥላል።

የፈጠራ ወረቀትን በሰሌዳ አድርጎ መስቀል የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በአሜሪካ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ከከበረ እንጨትና ከብረት የተሠራ የፓተንት ሰሌዳ ይሸልማሉ፤ ይህንኑ ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶችም አሉ። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፓተንት የተሰጠው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1790 ሲሆን ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ፈርመውበታል። ሳሙኤል ሆፕኪንስ የተባለው ሰው ያገኘው ይህ መብት ከእንጨት አመድ ፖታሽ ለማውጣት በቀየሰው ዘዴ ነበር። ይህን ስነግራቸው እናቲቱ ሳቁ፤ “ለአመድ?” አሉ። ለአመድ ነው። ፖታሹ ለሳሙናና ለመስታወት መሥሪያ ይፈለግ ነበር። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ለብዙ ዘመን በወርቃማ ማህተምና በቀይ ሪባን ያስጌጠውን ወረቀት ሲሰጥ ኖሮ፣ ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጀምሮ ፓተንቱን የሚሰጠው በኤሌክትሮኒክ ሆኗል። ለግድግዳ የሚሆን ያማረ ቅጂ የሚፈልግ ለብቻው ያዛል። ስለዚህ እዚያም የሚሰቀለው ጌጥ ሆኗል፤ መብቱ ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው።

ከጌጡ ጋር ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ በናሱ ላይ የማን ስም ይቀረጻል? አያቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩትን እንዶድ አስቡ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የብልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ የሆነውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል በጥናት አረጋገጡ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። በ1990ዎቹ ደግሞ የእንዶድ ጭማቂ በአሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዚብራ መስል የተባለ ባለዛጎል እንስሳ ለማጥፋት እንዲውል አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ወጣበት። ከፈልሳፊዎቹ መካከል የአክሊሉ ስም አለ። የወንዙ ዳር አጣቢዎች ስም ግን የለም፤ ሊኖርም የሚችልበት መንገድ አልተበጀለትም።

የጤፍም ታሪክ አለ። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። እናቶቻችን በየቤታቸው የሚያውቁት ነገር ባሕር ማዶ ባለቤት ተገኘለት። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው። ገብሳችንም እንዲሁ ነው። አንድን የገብስ ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ ዛሬ በውጭ አገር ማሳዎች ያገለግላል። ያንን ገብስ እየመረጠ ለዘር ያስቀመጠ የደጋ ገበሬ ግድግዳ ላይ ምንም አልተሰቀለም። የራቤሉ ልጅ ስም በናስ ላይ መውጣቱ ትንሽ ነገር ያልሆነውም ለዚህ ነው። ከእንዝርት ቤት የወጣ ብልሃት በራሱ ቤት ልጅ ስም ተመዝግቧል።

ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ምን እናድርግ? ደስታችንን እንግለጽ፤ እንስቀለውም። ዋናውን ወረቀት ግን ከልደት ምስክር ወረቀትና ከቤት ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ እናኑረው፤ ግድግዳው ላይ ቅጂው ይበቃል። የደጋ ቤት ጭስ መስታወቱን አልፎ ወረቀት ያጠቁራል፤ የድንጋይ ግድግዳ በክረምት ያልባል፤ ፀሐይ የማህተሙን ቀለም ያወርዳል። ሰሌዳ የምናሠራ ከሆነ ስሙን ብቻ አናስቀርጽ። ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቀን፣ አብረውት የደከሙ ካሉም የሁሉንም ስም እናስገባ። ከጀርባው ደግሞ ጊዜው የሚያልቅበትን ቀን በእስክሪብቶ እንጻፍ። ፓተንት ከሆነ በየዓመቱ የሚከፈል ክፍያ አለው፤ ካልተከፈለ መብቱ ይቋረጣል። ልጅ በሥራና በኑሮ ሲዋከብ የሚረሳውን ቀን አያት ግድግዳው ላይ እያየ ሊያስታውስ ይችላል። ገና ሐሳብ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ማመልከቻውን ሳያስገባ ሥዕሉን ላየው ሁሉ እንዳያሳይ እንምከረው። እኛም በጎረቤት ቡና ላይ በኩራት እየዘረዘርን አንበትንበት።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ስለ ቀኑ ስንነጋገር የልጅ ልጂቱ ከደጃፍ ቆማ ስትሰማ ነበር። ምንም ሳትናገር ጓዳ ገባችና ጆንያውን ገፋ መፍተያውን እየጎተተች አወጣችው። ሰንሰለቱ የሚወልቀው ከኋላው ያለው ጥርስ ስለተጣመመ እንደሆነ ታውቅ ኖሯል። አያቷ ሳያዩ ስትሞክረው ቆይታለች። በድንጋይ ቀጥቅጣ አቀናችውና ተቀምጣ በእግሯ ገፋችው። የመጀመሪያው ክር ተበጠሰ። ሁለተኛውም ተበጠሰ። ሦስተኛው ላይ አያቷ እንዝርታቸውን አስቀመጡና ከጎኗ ተቀመጡ፤ “ፀጉሩን አታጨናንቂው፤ ቀስ እያልሽ ስጪው” እያሉ ጣቷን ያዙላት። ክሩ መውጣት ጀመረ፤ ወፍራም ቀጭን እያለ፣ ግን ሳይበጠስ።

አባትየው ይህን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያም ሞባይላቸውን ከኮታቸው አውጥተው ኔትወርክ ወደሚገኝበት ከካቡ በላይ ወጡ። ነፋስ ስለነበር እየጮኹ ይናገሩ ነበር፤ እኔም ከደጃፍ ሆኜ ሰማኋቸው።

“አቤት የኔ ልጅ፣ ደኅና ነን። ሰሌዳህ አምሮበታል፤ ምንም አልሆነ። ግን 4 ወር ነው የቀረህ አሉ። ልጂቱ ሰንሰለቱን አቃንታዋለች፤ እናትህ እየፈተሉበት ነው። ና እና እየው፤ ፎቶም አንሣ፤ ለሚመለከታቸውም አሳያቸው። ሣሩ ደርሷል።”